ከጋራዥ የወጣ ማሽን ሁሉ የተጠገነ አይደለም

ተማሪዎች ሆይ፣ ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ከከተማ ወጣ ብላችሁ በጠጠር መንገድ ተጉዛችሁ እንደ ሆነ፣ አንድ ቢጫ ቀለም የተቀባ ረዥም ማሽን በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ሰፊ ብረት አንጠልጥሎ፣ ጎርፍ የቦረቦረውን መንገድ እየላገ በዝግታ ሲሄድ ሳታዩ አልቀራችሁም። ይህ ማሽን ግሬደር ይባላል። ሕፃናት ከኋላው ይሮጣሉ፤ እረኞች ከብቶቻቸውን ከመንገድ ያርቃሉ፤ የአውቶቡስ ተሳፋሪዎችም «እንግዲህ መንገዱ ሊስተካከል ነው» እያሉ ደስታቸውን ይገልጣሉ። ይሁን እንጂ ግሬደሩ በዚያ ሥፍራ መገኘቱ ብቻ መንገዱ ይስተካከላል ለማለት አያበቃም። ማሽኑ ማን እንደ ጠገነው፣ ከተጠገነም በኋላ ማን እንደ ፈተነው፣ በምንስ ሁኔታ ከጋራዥ እንደ ወጣ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምሟገትለት አሳብ ይህ ነው፤ የመንገድ ጥገና ማሽን እውነተኛውን የሥራ ጫና ተሸክሞ እስኪፈተን ድረስ እንደ ተጠገነ መቈጠር የለበትም፤ ፈታኙም «ይህ ማሽን አይወጣም» ለማለት ሥልጣን ሊኖረው ይገባል።

በቅድሚያ ስለ መንገዱ ጥቂት እንናገር። የጠጠር መንገድን ከመኪና ጎማ ይልቅ የሚጎዳው ውሃ ነው። ስለዚህም መንገዱ ሲሠራ መሐሉ እንደ አህያ ጀርባ ከፍ እንዲል፣ ግራና ቀኙ ደግሞ ወደ ቦዩ እንዲያዘነብል ይደረጋል። ስፋቱ 7 ሜትር የሆነ መንገድ ከመሐሉ ወደ ዳሩ በየሜትሩ 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ቢሄድ፣ መሐሉ ከዳሩ በ14 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል ማለት ነው። አንድ ስንዝር እንኳ የማትሞላው ይህች ከፍታ የመንገዱ ሕይወት ናት። እርስዋ ከጠፋች የዝናቡ ውሃ ወደ ቦዩ በመውረድ ፈንታ በመንገዱ ላይ ይተኛል፤ የተኛው ውሃ አፈሩን ያለሰልሳል፤ በለሰለሰው አፈር ላይ የጭነት መኪና ሲያልፍበት ጎድጓድ ይፈጠራል፤ በጎድጓዱም ውስጥ ሌላ ውሃ ይተኛል። በሐምሌ ወር አንዲት ወላድ ወደ ጤና ጣቢያ እንዳትደርስ መንገድ የሚዘጋባት እንዲህ ባለ ቀላል በሚመስል ነገር ነው።

የግሬደሩ ተግባር ይህችን ከፍታ መልሶ ማስገኘትና መጠበቅ ነው። ይህንንም የሚያደርገው ብሌድ በሚባለው ሰፊና ጎባጣ ብረት ሲሆን፣ ከብሌዱ ግርጌ በብሎን የሚታሠር ስለት አለ። ስለቱ ዘወትር ከጠጠር ጋር ስለሚፋተግ ያልቃል። መሐሉ አልቆ ዳርና ዳሩ የቀረ ስለት መንገዱን እኩል ሊልግ አይችልም። ብሌዱን የሚያዞረው ባለ ጥርስ ክብ ብረትም ተበልቶ ሲላላ ብሌዱ እየዘለለ ስለሚሄድ፣ ግሬደሩ ያለፈበት መንገድ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተሸብሽቦ ይቀራል። እንዲህ ያለው ግሬደር ከነጭራሹ ባይመጣ ይሻል ነበር ብዬ የማምንበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም ነዳጅ አቃጥሎ፣ ደመወዝ አስከፍሎ፣ የነበረውንም ጠጠር በትኖ ይሄዳልና።

አሁን አንድ ነገር በአሳባችሁ ሣሉ። ብሌዱን ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ሲሊንደር ውስጥ ያለው የላስቲክ ማሸጊያ አልቆ ዘይት ማሳለፍ ጀምሯል እንበል። ግሬደሩ ሎቤድ በሚባለው ተሳቢ ተጭኖ ወደ ጋራዥ ይመጣል። መካኒኩ ሲሊንደሩን ይፈታል፤ ማሸጊያውን ይለውጣል፤ መልሶም ይገጥማል። ሞተሩ ይነሣል፤ ብሌዱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደ ታችም ይወርዳል። በዙሪያው የቆሙት ሁሉ «በቃ፣ ሠርቷል» ይላሉ። ወረቀቱ ይፈረማል፤ ግሬደሩም በማግሥቱ ተጭኖ ወደ መጣበት ይመለሳል።

በሥራው ቦታ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት መልካም ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን ኦፕሬተሩ አንድ ነገር ያስተውላል፤ ይኸውም ብሌዱ ማንም ሳይነካው በጥቂት በጥቂቱ ወደ ታች መስመጡ ነው። ኦፕሬተሩ ከፍ ያደርገዋል፤ እርሱ ይሰምጣል፤ እንደ ገና ከፍ ያደርገዋል። በዚህ ዓይነት የሚላገው መንገድ አንዱ ዘንድ ጎድጎድ፣ ሌላው ዘንድ ጉብ ይላል። ነገሩ እንዴት ሊሆን ቻለ? በጋራዡ ውስጥ ዘይቱ ቀዝቃዛና ወፍራም ነበር፤ በሥራ ላይ ሲሞቅ ቀጠነ፤ የቀጠነውም ዘይት በጠባብ ክፍተት ማምለጥ ጀመረ። ክፍተቱ ደግሞ ከአዲሱ ማሸጊያ የመጣ ላይሆን ይችላል። የሲሊንደሩ ውስጠኛ ግድግዳ ቀድሞውኑ በአሸዋ ተጭሮ ከነበረ፣ ማሸጊያው ቢለወጥም ጭረቱ በቦታው ነው፤ አዲሱንም ማሸጊያ በልቶ ይጨርሰዋል። መካኒኩ የለወጠው የበሽታውን ምልክት እንጂ በሽታውን አልነበረም ማለት ነው።

ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ምን ያህል የረቀቀ መሣሪያ ያስፈልግ ይመስላችኋል? ሞተሩ ዘይቱ እስኪሞቅ ድረስ እንዲሠራ ይደረጋል፤ ብሌዱ ከመሬት ከፍ ይላል፤ በሲሊንደሩ ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል፤ ሞተሩ ይጠፋል። ከዚያም 10 ወይም 15 ደቂቃ ተጠብቆ፣ ምልክቱ ምን ያህል እንደ ተንቀሳቀሰ በማስመሪያ ይለካል። ስንት ሚሊ ሜትር ቢንቀሳቀስ እንደሚፈቀድ በፋብሪካው መጽሐፍ ተጽፏል። እንግዲህ ለዚህ ፈተና የሚያስፈልጉት ጠመኔ፣ ማስመሪያና ትዕግሥት ናቸው። ሁለቱ በእያንዳንዳችሁ ቦርሳ ውስጥ ይገኛሉ። ሦስተኛው ግን በብዙ ጋራዥ ውስጥ እጅግ ውድ ዕቃ ነው።

የግሬደሩ ስሕተት ቢያንስ ወዲያው ለዓይን ይታያል። ከዚህ የከፋው ስሕተቱ ተሰውሮ የሚቆየው ማሽን ነው። ለዚህም የሬንጅ መርጫ መኪና ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ይህ መኪና ከፈላ ውሃ በብዙ የሚበልጥ ሙቀት ያለውን ሬንጅ በታንከሩ ተሸክሞ፣ ከኋላው በተዘረጋው ቱቦ ላይ በተደረደሩት ቀዳዳዎች አማካይነት በመንገዱ ላይ ይረጫል፤ በሬንጁም ላይ ደቃቅ ጠጠር ተነስንሶ ይዳመጣል። ከቀዳዳዎቹ አንዱ በረጋ ሬንጅ ቢደፈን ወይም አቅጣጫው ጥቂት ቢዛባ፣ በዚያ መስመር የሚወርደው ሬንጅ ይሳሳል። በዚያን ቀን ግን ጠጠሩ ሁሉንም ስለሚሸፍነው ምንም አይታይም። መንገዱ ይመረቃል፤ ጭብጨባውም ይሰማል። ውሎ አድሮ በዚያ ቀጭን መስመር ላይ ያለው ጠጠር በጎማ እየተፈናጠረ ይነቀላል፤ ክረምት ሲገባ ውሃ በዚያው በኩል ይሰርጋል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ መንገዱን፣ አለዚያም ተቋራጩን ይረግማል እንጂ የመርጫውን ቀዳዳ የሚያስታውስ አይገኝም።

ይህም ቢሆን በቀላሉ የሚፈተን ነገር ነው። እኩል ስፋት ያላቸው ትሪዎች በመርጫው ሥር በወርዱ ይደረደራሉ፤ መርጫው ለጥቂት ሰኮንድ ይከፈታል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ትሪ ከነሬንጁ ይመዘናል። ከጎረቤቶቹ ቀልሎ የተገኘው ትሪ የትኛው ቀዳዳ እንደ ታመመ ይመሰክራል። ስለሚንቀጠቀጠው ሮለርም ብዙ ማለት አያስፈልግም። የዚህ ማሽን ኃይል በክብደቱ ብቻ ሳይሆን፣ በከበሮው ውስጥ የሚሽከረከረው ሚዛን በደቂቃ ብዙ ጊዜ በሚፈጥረው ምት ጭምር ነው። ምቱ ሲደክም ሮለሩ በአፈሩ ላይ ይንሸራሸራል እንጂ አፈሩን አይጠቀጥቅም፤ ላዩ ግን ለጥ ያለ ሆኖ ስለሚታይ ዓይንን ያታልላል። በመለኪያ ካልሆነ በዓይን አይታወቅም።

ስለ ሞተር ደግሞ አንድ የምወደው ምርመራ አለ። ሐኪም ከበሽተኛው ጣት ጥቂት ደም ወስዶ እንደሚመረምር ሁሉ፣ ከሚሠራ ሞተርም ጥቂት ዘይት ተቀድቶ ይመረመራል። በዘይቱ ውስጥ ብረት በዝቶ ከተገኘ የሲሊንደር ግድግዳ ወይም ጥርስ እየተበላ ነው፤ መዳብ ከተገኘ ኩሽኔታው እያለቀ ሊሆን ይችላል፤ የአሸዋ ንጥረ ነገር የሆነው ሲሊከን ከበዛ ደግሞ አቧራ የአየር ፊልትሮውን አልፎ ገብቷል ማለት ነው። ሞተሩ ሳይፈታ፣ ሳይጮኽና ሳያጨስ ሕመሙ ይታወቃል። ዕድሜውን ሙሉ በአቧራ ውስጥ ለሚኖር የመንገድ ማሽን ከዚህ የበለጠ ምን መልካም ነገር አለ? ዘይትና ፊልትሮ በ250 ሰዓት፣ ከፍ ያለውም አገልግሎት በ500ና በ1,000 ሰዓት እንዲደረግ በብዙ ማሽኖች መጽሐፍ ታዝዟል። በእነዚህ ሰዓቶች የሚቀዳው ናሙና አንዱ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር የማሽኑን ታሪክ ይተርካል።

የአገራችን አቀማመጥም ፈተናውን የግድ ያደርገዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በር ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ይላል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ይደክማል። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ በዚያ የሚፈተነው ጉልበት ሳይሆን ፍሬን ነው። በአፋር ቆላ በሚያልፈው በጅቡቲ መንገድ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ራዲያተሩና የሃይድሮሊክ ዘይቱ ይጨነቃሉ። በአንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ፣ በማለዳ ቅዝቃዜ፣ ያለ ምንም ጭነት ሁለት ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የተነዳ ማሽን ለእነዚህ ሦስት ቦታዎች ብቁ ነው ብሎ የሚፈርም ሰው፣ ተማሪውን የፊደል ገበታ አስነብቦ ለዩኒቨርሲቲ በቅቷል እንደሚል መምህር ይመስለኛል።

በዚህ ጉዳይ የሚጠፋው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ፋሺስት ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርሮ በነበረበት ጊዜ ለራሱ ጥቅም ሲል መንገዶች ሠርቶ ነበር። ወራሪው ከተባረረ በኋላ ግን ለጥገና የሚበቃ ማሽንና ባለሙያ ባለመኖሩ መንገዶቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጎዱ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመውና በዚያው ዓመት ለመንገድ ሥራ ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር የተገኘው ይህን የመሰለውን ጉዳት ለማቃናት ነበር። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ለጥገና የሚውል ገንዘብ ከነዳጅ ላይ እየተሰበሰበ እንዲጠራቀም የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ቆመ። በዚያ ዓመት የአገሪቱ መንገድ ርዝመት 26,550 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ከ110,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። መንገዱ ከአራት እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚሆኑት ማሽኖች የሚገዙት በውጭ ምንዛሪ መሆኑን አትርሱ። የዓለም ባንክ በ1986 ዓ.ም. ባወጣው የልማት ሪፖርት፣ በአፍሪካ ባለፉት ዐሥር ዓመታት 12 ቢሊዮን ዶላር በወቅቱ ለመንገድ ጥገና ወጥቶ ቢሆን ኖሮ 45 ቢሊዮን ዶላር የመልሶ ግንባታ ወጪ ይድን እንደ ነበር ገልጧል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶቻችን ተረት በቁጥር ሲተረጐም ይህን ይመስላል።

«ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ተቃውሞአቸው የሚናቅ አይደለም። የጥገና ሥራ የሚሠራበት ደረቅ ወቅት አጭር ነው፤ ሕዝቡ መንገዱን ይጠብቃል፤ የወረዳው አስተዳዳሪ ስልክ ይደውላል፤ ማሽኑ በጋራዥ የሚያሳልፈው ቀን ሁሉ እንደ ጥፋት ይቈጠራል። በዚህ ጊዜ የጋራዡን ኀላፊ «አንድ ቀን ጨምርና ፈትን» ማለት በተራበ ሰው ፊት ወጥ እንደ መቅመስ ሊቈጠር ይችላል። ነገር ግን ሒሳቡን እናስላ። ሳይፈተን የወጣው ግሬደር ከ300 ኪሎ ሜትር ርቀት በሎቤድ ተመልሶ ቢመጣ፣ ለመሄጃና ለመመለሻ ብቻ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ቀን ይጠፋል፤ የሎቤዱ ነዳጅ፣ ያለ ሥራ የተቀመጠው ኦፕሬተር ደመወዝ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የሚለወጠውም መለዋወጫ ይታከልበታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእህል ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመለዋወጫ እጥረት ነው። በእርግጥም አንድ ማሸጊያ ከውጭ እስኪመጣ ብዙ ወራት የሚፈጅበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መካኒኮች ከቆመ ማሽን ፈትተው ለሚሠራው ይገጥማሉ። ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ እኔ አልነቅፍም። ችግር ያስተማረው ብልሃት ነውና። የምነቅፈው ሳይመዘገብ ሲደረግ ነው። የትኛው ዕቃ ከየትኛው ማሽን፣ ስንት ሰዓት ካገለገለ በኋላ እንደ ተወሰደ ካልተጻፈ፣ ያረጀው ዕቃ እንደ አዲስ ተቈጥሮ ይገጠማል። እንዲህ ያለው ማሽን ደግሞ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ፈተና ያስፈልገዋል እንጂ «ተቸግረን የሠራነው ነው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም።

ማን ይፈትን የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። የጠገነው መካኒክ ራሱ ቢፈትን ምናለበት የሚል ይኖራል። ከእናንተ መካከል የራሱን የፈተና ወረቀት ራሱ አርሞ ነጥብ እንዲሰጥ የሚፈቀድለት ተማሪ አለን? መካኒኩ አታላይ ነው ማለቴ አይደለም። ሦስት ቀን ሙሉ በዘይትና በግራሶ ተለውሶ የሠራ ሰው ድካሙ ፍሬ እንዲያፈራ ይመኛል፤ የሚመኘውንም ነገር ያያል። ስለዚህ ፈታኙ ሌላ ሰው ይሁን። ከማሽኑም ጋር የሚውለው ኦፕሬተር በፈተናው ላይ ይገኝ፤ የማሽኑን ጠባይ እንደ እርሱ የሚያውቅ የለምና። ኦፕሬተሮች «ድምፁ ተለውጧል» ሲሉ ብዙ ጊዜ ቃላቸው እንደ ዋዛ ይታለፋል፤ ነገር ግን በቀን ስምንት ሰዓት በአንድ ማሽን ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከብዙ መለኪያ ቀድሞ ይሰማል።

ፈተናው የሰው ሕይወትም ጉዳይ ነው። በሃይድሮሊክ ቱቦ ውስጥ ያለው ዘይት ከፍተኛ ግፊት ስላለው፣ በመርፌ ቀዳዳ ያህል ክፍተት ሲያመልጥ ቆዳን በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል። በዚህ ምክንያት ዘይት ያፈስሳል ተብሎ የሚጠረጠር ቱቦ በካርቶን ወይም በእንጨት እንጂ በፍጹም በእጅ አይዳበስም። ብሌዱ ወይም ባልዲው ተንጠልጥሎ ሳለም ማንም ከሥሩ አይገባም፤ ወይ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ወይ በጠንካራ ድጋፍ ይያዛል። ፍሬኑ ሳይፈተን ወደ ዓባይ ቁልቁለት የተላከ ሮለር ምን ሊያደርስ እንደሚችል መዘርዘር አልፈልግም። በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ «አይወጣም» ብሎ የወሰነ ፈታኝ በአለቃው ዘንድ ሥራ እንዳጓተተ ተቈጥሮ የሚወቀስ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ብሎ ይፈርማል። ያን ጊዜ ፊርማው ከቀለም የተለየ ዋጋ አይኖረውም።

ስለዚህ የምጠይቀው ነገር ብዙ አይደለም። እያንዳንዱ ማሽን ስንት ሰዓት እንደ ሠራ፣ ምን እንደ ተለወጠለት፣ በፈተናውም ምን ያህል ልክ እንደ ተገኘ የሚጻፍበት አንድ ካርድ ይኑረው። በካርዱ ላይ የጠጋኙ፣ የፈታኙና የኦፕሬተሩ ሦስት ፊርማዎች ይኑሩ፤ የፈታኙ ፊርማ ከሌለ የጋራዡ በር አይከፈት፤ ዘበኛውም ይህን ትእዛዝ ይወቅ። ማሽኑ ወደ ሥራ ከሄደ በኋላም ነገሩ በዚያ አይቋረጥ። 50 ሰዓት ያህል ሲሠራ፣ ፈታኙ ራሱ ጠመኔውንና ማስመሪያውን ይዞ ወደ መንገዱ ይሂድ፤ ብሌዱን አሠቅሎ እንደ ገና ይለካ፤ ከዚያም ወረድ ብሎ ግሬደሩ ባለፈበት መንገድ ላይ ጥቂት በእግሩ ይራመድ።